ስመ ተጸውኦ በጽሕፈትና በንባብ

የቪዲዮ ጨዋታ ሲተረጐም የገጸ ባሕርያት ስም ቢለወጥ የተጫዋቾቹ ቅሬታ የልማድ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል። የሆንግ ኮንጉ ምሳሌ ግን የቋንቋ ጥያቄ ያለበት ነው።

የጃፓኑ ጨዋታ የ«ፖኬሞን» ዝነኛ ገጸ ባሕርይ ፒካቹ፥ በሆንግ ኮንግ በካንቶኒዝ «ቤይካቺው» ሲባል ኖሯል። በ2016 እ.ኤ.አ. ኒንቴንዶ «ፀሐይ» እና «ጨረቃ» የተሰኙትን ክፍሎች በቻይንኛ ለማውጣት ሲዘጋጅ፥ ለቻይንኛ አንባቢ ሁሉ አንድ ስም ወሰነ። የተመረጡት ሦስት ምልክቶች በማንዳሪን «ፒካቺዩ» ተብለው ይነበባሉ፤ በካንቶኒዝ ግን «ፔይካያው» ይሆናሉ። ድምፅን በሚጽፍ ፊደል ለለመድን ለእኛ ነገሩ እንግዳ ነው፤ የቻይና ምልክት ግን በየቋንቋው የተለያየ ንባብ አለው። ስለዚህ አንድ የሆነው ጽሕፈቱ ብቻ ነበር፤ ለሆንግ ኮንግ ጆሮ አዲሱ ስም ከጃፓንኛው ይበልጥ ራቀ።

በዚያው ዓመት ሜይ 30 ቀን ተቃዋሚዎች ወደ ጃፓን ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሰልፍ ወጡ። ከቁጣቸው በስተጀርባ ካንቶኒዝ በማንዳሪን ይዋጣል የሚል የቈየ ሥጋት ነበር። በእኛ አስተያየት፥ ታሪኩና ንግግሩ በአንድ ትርጉም ቢሠራም፥ ለስሞቹ ብቻ የሆንግ ኮንግን ዝርዝር ለይቶ ማቆየት ይገባ ነበር።