ያውቁ ኖሯል? ከአልጋ የማይነሳ ሕመምተኛ በልብስ ሰፊ ሜትር ይመዘናል

በእስራኤሏ ፔታህ ቲክቫ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1936 ከተከፈተው ቤይሊንሰን ሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው የሚታከሙ አረጋውያን ብዙ ናቸው። መቆም የማይችሉት ሚዛን ላይ አይወጡም። ቤታቸው የምትመጣው የምግብ ባለሙያ ግን በልብስ ሰፊ ሜትር እየለካች ቁመታቸውን ከክርን እስከ እጅ አንጓ ካለው አጥንት ርዝመት ትገምታለች። የላይኛው ክንድ ዙሪያ ከ23.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ሰውየው ከስቷል ተብሎ ይጠረጠራል። የባት ዙሪያ ደግሞ ከ31 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጡንቻው እየሟሸሸ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ባለፉት ከ3 እስከ 6 ወራት ስንት ኪሎ እንደቀነሰ ነው። ሚዛን በሌለበት ቤት ቀበቶው ስንት ቀዳዳ ገባ፣ ቀለበቱ ከጣት ይወልቃል ወይ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ላላ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። የኛ የኢትዮጵያውያን አባቶችና እናቶች «ምግብ እንዴት ነው?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ «ትናንት ማታ ምን ቀረበልዎ? ምን ያህሉን በሉ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ቤተሰቡ ከአንድ ትሪ ስለሚበላ ማን ስንት ጉርሻ እንደጎረሰ የሚቆጥር የለም። ለታማሚው ለብቻ ሳህን ማቅረብ ነውር ቢመስልም ለጥቂት ቀን ይደረግ ባይ ነኝ።

የስኳር ሕመም ካለ እንጀራው የጤፍ ብቻ ይሁን የስንዴ ዱቄት የገባበት ለባለሙያዋ ይነገራት። የደም ማቅጠኛ ኩማዲን የሚወስድ ሰው ጎመን መተው የለበትም፤ የሚበላው የጎመን መጠን ግን ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ፣ በጎመን ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳልና።