የገመድ አልባ ጋዝ ዳሳሾችን የኃይል ፍጆታ መቀነስ

በገመድ አልባ የሜቴን ዳሳሽ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ኃይል የሚወስደው ሬዲዮው ሳይሆን ማሞቂያው ነው። ካታሊቲክ ዳሳሽ ጋዙን ለማቃጠል እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ሙቀት ስለሚፈልግ 200 ሚሊዋት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። 3.6 ቮልትና 2.4 አምፔር-ሰዓት ያለው ባትሪ የሚይዘው 8.64 ዋት-ሰዓት ስለሆነ፣ ማሞቂያው ያለማቋረጥ ከሠራ በ43 ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

አንዱ መፍትሔ ማሞቂያውን በየተወሰነ ጊዜ ብቻ ማብራት ነው። በየ30 ሴኮንዱ ለ1 ሴኮንድ ቢበራ አማካይ ፍጆታው ወደ 6.7 ሚሊዋት ይወርዳል፤ የሌሎች ክፍሎች ፍጆታ ሳይታሰብ ያው ባትሪ 54 ቀን ያህል ይዘልቃል። ይህ የሚሠራው ግን ዳሳሹ በዚያች 1 ሴኮንድ ውስጥ ወደሚፈለገው ሙቀት የሚደርስ ከሆነ ነው። ከዚህም ሌላ ዕረፍቱ በረዘመ መጠን ማስጠንቀቂያው ይዘገያል፤ ሜቴን ደግሞ በአየር ውስጥ 5 በመቶ ገደማ ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል። ስለሆነም የዕረፍቱ ርዝመት በቅድሚያ ሊወሰን የሚገባው በባትሪው ዕድሜ ሳይሆን ሠራተኛው ከስፍራው ለመውጣት በሚያስፈልገው ጊዜ ነው።

በሁለት ደረጃ መለካት ይህን ተቃርኖ ያለዝበዋል፤ በአጭሩ ልኬት የተገኘው ውጤት ከተለመደው ሲርቅ ብቻ ዳሳሹ ያለማቋረጥ ወደ መለካት ይሸጋገራል። ሬዲዮውም ለውጥ ሲኖር ብቻ ቢልክ ኃይል ይቆጥባል፤ ሆኖም የባትሪ ማለቅ ያስከተለው ዝምታ የደኅንነት ምልክት ተደርጎ እንዳይወሰድ፣ በየጊዜው አጭር የ«አለሁ» መልእክት ማስተላለፍ ይኖርበታል።