የገና በዓል ሲቀርብ ቤትን በጥቂት ወጪ ስለ ማስጌጥ

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ግን በታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የነቢያትን ጾም ሲጾም የቆየ ቤተ ሰብ፥ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ቆሞ አድሮ ማለዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ደጁን ከፍቶ በመጀመሪያ የሚያየው የቤቱን ውስጥ ነው። ዶሮ ወጡና ድፎ ዳቦው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በዚህ ገጽ የምግቡን ነገር ለጊዜው ትተን ስለ ቤቱ አሰነዳድ ለመጻፍ አስበናል፤ ምሳሌያችንንም የምንወስደው ከምዕራብ ጎጃም፥ ይልቁንም ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አገር ነው።

ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ ያለች፥ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከሌላ አገር ወደ እርሷ የሚመጣ ሹም፥ ዳኛ፥ አስተማሪና ሐኪም ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በኪራይ ቤት ነው፤ ዕቃውም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የጎረቤት ዐይን ሁልጊዜ ያርፍበታል። የሹሙ ቤት ያደረገውን የጎረቤቱ ቤት ይከተላል። ሹሙ ከአዲስ አበባ የላስቲክ ዛፍና በኤሌክትሪክ የሚብለጨለጭ ጌጥ አስመጥቶ ያቆመ እንደ ሆነ፥ የእርሱን ደመወዝ እኩሌታ እንኳ የማያገኘው ጸሓፊ፥ ልጆቼ ከልጆቹ እንዳያንሱ ብሎ ተበድሮም ቢሆን ያንኑ ይገዛል። የጥር ወር የቤት ኪራይ ግን በዓል አያውቅም። ሹሙ ቤቱን በቀጤማና በጧፍ ያስጌጠ እንደ ሆነ ግን፥ ጸሓፊውም በቀጤማና በጧፍ ሳያፍር ደስ ብሎት ይውላል። እንግዲህ የቤት ጌጥ ነገር የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የሰፈሩም ጉዳይ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ዛፍ በቤት ውስጥ አቁሞ ማስጌጥ ከጀርመን አገር የመጣ ልማድ ነው። በእንግሊዝ ሕዝብ ዘንድ ይልቁንም የተስፋፋው፥ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ ልዑል አልበርት ከልጆቻቸው ጋራ በገና ዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚያሳይ ሥዕል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1848 በአንድ የሎንዶን ሥዕላዊ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። አንድ የጋዜጣ ሥዕል የስንቱን ቤት ልማድ እንደ ለወጠ ስናስብ፥ እኛም ሥዕል የምናወጣ ሰዎች ስለ ሆንን ጥቂት እንፈራለን። ዛሬ በዓለም ከሚሸጠው የገና ጌጥ አብዛኛው የሚመጣው ዪዉ ከምትባል የቻይና ከተማ ነው፤ በዛፉም ላይ የሚነሰነሰው ነጭ ነገር የበረዶ ምሳሌ ነው። በፍኖተ ሰላም ግን ታኅሣሥ የመኸር ወር ነው። ሰማዩ ይጠራል፤ ፀሓዩ ይደምቃል፤ ገበሬውም ጤፉን በዐውድማ ይወቃል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በጮቄ ተራራ ላይ እንኳ በዚህ ወራት የሚታየው የማለዳ ውርጭ ነው። በደረቅ ዛፍ ላይ ጥጥ በትኖ በረዶ ነው ከማለት፥ ያንኑ ጥጥ ፈትሎ ለጧፍ ክር ማድረግ የተሻለ ሆኖ ይታየናል።

በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈ፥ ሕፃኑ የተኛው በግርግም ነው። በኢጣልያ አገር ግሬቾ በምትባል መንደር የአሲዚው ፍራንቸስኮስ በ1223 ዓመት እውነተኛ በሬና አህያ አቁሞ ድርቆሽም አስነጥፎ ይህን ምሥጢር ለሕዝቡ በዐይን አሳይቶ ነበር። የጎጃም ገበሬ ግን እንዲህ ያለውን ለማየት ርቆ መሄድ የለበትም፤ ላሙና በሬው ከቤቱ አጠገብ ናቸው፤ ጭዱም ከዐውድማ ገና ትኩስ ሆኖ የመጣ ነው። በከተማ ያሉ ሕፃናት ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥተው በሬ፥ ላም፥ አህያና እረኛ ቢሠሩ፥ በጥላም ቢያደርቁት፥ ከዚያ በኋላ በአንድ አሮጌ ሰፌድ ላይ ጭድ አድርገው ቢደረድሩት፥ ከሱቅ ከሚገዛው ሁሉ የሚበልጥ ጌጥ ይሆናል። የበሬው ቀንድ አንዱ ረዝሞ አንዱ ቢያጥርም አባትየው ላስተካክል አይበል። የልጆቹ ሥራ መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው።

የቤቱ ሥራ ግን የሚጀመረው ከጌጡ አይደለም፤ ከግድግዳና ከወለሉ ነው። የጭቃ ግድግዳ ክረምቱን በዝናብ ሲላጥና ሲሰነጠቅ ስለሚከርም፥ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋራ አቡክቶ፥ ጥቂት ቀንም አሰንብቶ፥ ስንጥቁን መምረግ ያስፈልጋል። ጭዱ ጭቃውን አያይዞ ስለሚይዘው ሲደርቅ አይሰነጠቅም። ምርጊቱ በደንብ ሳይደርቅ በላዩ ቀለም መቀባት ድካምን ከንቱ ማድረግ ነው። ከደረቀ በኋላ ነጭ አፈር በውሃ በጥብጦ ሁለት ጊዜ መቀባት ይበቃል፤ ግድግዳው ነጭ የሆነ እንደ ሆነ በትንሽ መስኮት የሚገባው ብርሃን ይበዛል፤ ጠባቡም ክፍል ሰፊ መስሎ ይታያል። የግድግዳውን ግርጌ በአንድ ክንድ ያህል ቁመት በቀይ አፈር መቀባት ከውበቱ ሌላ ጥቅም አለው፤ ልጆች በእግራቸው የሚነኩት ቦታ ቶሎ ቆሽሾ አይታይም። ወለሉ አፈር ከሆነ ከበዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ቀን በፊት በእበት ይለቀለቃል፤ የታኅሣሥ ፀሓይና ነፋስ ሽታውን ወስዶ ወለሉን አቧራ የማያነሣ አድርጎ ያደርቀዋል። በሲሚንቶ ወለል የሚኖር ሰው በውሃና በሳሙና አጥቦ ይህን ሥራ በአንድ ቀን ይጨርሳል፤ ነገር ግን መደብ ያለው አሮጌ ቤት ተለቅልቆና ተቀብቶ ያደረ እንደ ሆነ የሚሰጠውን ሙቀት አያገኝም።

ቀጤማ የሚበቅለው ከውሃ ዳርና ከረግረግ ነው። የፍኖተ ሰላም ሰው ከላህም ከብርም ወንዝ አይርቅም፤ ወንዙም ስሙ ብር ቢባል ቀጤማው ብዙ ብር አይጠይቅም። ቀጤማ በበዓሉ ዋዜማ ወደ ማታ ታጭዶ፥ ውሃ ተርከፍክፎበት፥ እርጥብ ጨርቅ ለብሶ በጥላ ያደረ እንደ ሆነ፥ ቤተ ሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ከመመለሱ በፊት ሲጎዘጎዝ የውሃ ዳር ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ከደጁ ጀምሮ እስከ እንግዳ መቀበያው ሳሳ አድርጎ መጎዝጎዝ ይበቃል፤ ወፍራም ሆኖ የተጎዘጎዘ እንደ ሆነ ከሥር ይሻግታል፤ አሮጊቶችንም ያደናቅፋል። ቀጤማውን በጧት ተሸክማ ከደጅ የምትመጣ ሴት ወይም ልጅ የጠየቀችውን ዋጋ መስጠት ይገባል። በአንድ እስር ቀጤማ መከራከር ለሹም ቤት የሚያምር ነገር አይደለም።

ከቀጤማው ጋራ ጥቂት የወይራ እንጨት ወይም ዕጣን ማጤስ የቆየ ልማዳችን ነው። ዳሩ ግን አንዳንድ ቤት እንግዳው ዐይኑን እስኪያሽ ድረስ ያጤሱታል። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ጥቂት አጢሶ መስኮት መክፈት ነው እንጂ፥ ጭሱን ከእንግዳው ጋራ ማስቀመጥ አይደለም።

ስለ መብራት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጎጃም የማር አገር ስለ ሆነ ሰም አይታጣም፤ ከሰምና ከጥጥ ክር የተሠራ ጧፍ በቤት ውስጥ ሲበራ ብርሃኑ የለሰለሰ፥ ሽታውም የማር ነው። ጧፉን በሸክላ ሳሕን ላይ አሸዋ አድርጎ በዚያ ማቆም፥ ከመጋረጃና ከቀጤማም ማራቅ ያስፈልጋል። ቀጤማ በመጀመሪያው ቀን እርጥብ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ግን እንደ ጭድ ደርቆ እሳት የሚጠብቅ ነገር ይሆናል። ባለቤቶቹ ሲተኙም ጧፍ እንዲበራ መተው ከቶ አይገባም።

ለመስኮት መጋረጃ አቡጀዲ ገዝቶ፥ ከአሮጌ ቀሚስ ላይ ጥበቡን በጥንቃቄ ፈትቶ ከግርጌው መስፋት ይቻላል። ቀሚሱ ቢያልቅም ጥበቡ ብዙ ጊዜ ደኅና ነው፤ እመቤቲቱ የሠርጓን ቀሚስ ጥበብ በመስኮቷ ላይ ስታየው ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም። ለግድግዳ ደግሞ በስንደዶና በአክርማ የተሰፋ፥ በአለላ የተዋበ ሰፌድ ከማናቸውም የወረቀት ሥዕል ይበልጣል። አንዱን ትልቅ፥ ሁለቱን ትንንሽ አድርጎ አንድ ላይ መስቀል ያምራል፤ ግድግዳውን በሙሉ በሰፌድ መሸፈን ግን ቤቱን የገበያ መደብር ያስመስለዋል። ወንበር የሚያንሰው ሰው ከቡሬ አልፎ በእንጅባራ በቀርከሃ የሚሠራውን ወንበር ቢገዛ፥ ከጣውላው ይልቅ ለማንሣት ቀላል ነው፤ ሹሙ ወደ ሌላ አገር ሲዛወርም ይዞት ለመሄድ አያስቸግርም።

የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ ስሙ የታወቀ ነው፤ በዚህም ወራት ዛላው በገበያ ይገኛል። ይህን ቀይ ዛላ በሰፌድ ላይ ከምሮ ዙሪያውን በለምለም ቅጠል መክበብ፥ ፈረንጆች የገና ቀለም የሚሉትን ቀይና አረንጓዴ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ትንንሽ ልጆች እየነኩ ዐይናቸውን እንዳያሹ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ። ከበዓሉም በኋላ በርበሬው ተደልዞ ወደ ድስት ይገባል፤ የላስቲክ ጌጥ ይህን አያደርግም።

ዛፍ ካልቆመልን እያሉ የሚያለቅሱ ልጆች ያሉት ወላጅ ምን ያድርግ? ለጋ የሐበሻ ጽድ ከሥሩ ቆርጦ ማቆም አንመክርም። የሐበሻ ጽድ እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ በጎጃምም ደኅና ሆኖ የቆየው ይልቁንም በአብያተ ክርስቲያናት ዐጸድ ነው፤ ብዙ ዓመት የፈጀውን ለሦስት ቀን ጌጥ ብሎ መቁረጥ ሐሳብ የጎደለው ሥራ ነው። የፈረንጅ ጽድ በአጥር የተከለ ሰው ግን አጥሩን ሲያስተካክል የሚወድቀውን ቅርንጫፍ በማድጋ ውስጥ በእርጥብ አሸዋ አቁሞ የጥበብ ቍራጭና የጭቃ ኮከብ ቢሰቅልበት ልጆቹን ያስደስታል። ከዚያም የሚሻለው የጽድ ችግኝ ገዝቶ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ከአፈሩ ጋራ ማኖር ነው። ችግኙ ትንሽ ነው፤ ልጆቹም ትንንሽ ስለ ሆኑ ቁመቱ ይበቃቸዋል።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይቻለንም። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፥ የሰላም መንገድ ተብላ በተሰየመችው በፍኖተ ሰላምና በዙሪያዋ ብዙ ቤት ኀዘን ገብቶበታል፤ መንገድም ብዙ ጊዜ እየተዘጋ ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ የታጣበትና የተወደደበት ጊዜ ነበረ። ከእጃችን ባለው ነገር ቤታችንን እናስጊጥ የምንለው ስለዚህም ጭምር ነው። ኀዘን ያለበት ቤት ራሱን አያስጌጥም፤ ይሁን እንጂ በልደት ዕለት ጨለማ ሆኖ ሊውል አይገባውም። ጎረቤት በዋዜማው ሄዶ፥ እማማ ደጅዎን እንጥረግልዎ ብሎ ፈቃድ ጠይቆ ደጁን ቢጠርግ፥ ውሃ ቢቀዳ፥ በማግስቱም ድፎውን ይዞ ገብቶ አንድ ጧፍ አብርቶ አብሮ ቢቀመጥ መልካም ነው። ቀጤማ ልጎዝጉዝ ብሎ ግን አይድፈር፤ እርሳቸው ካልፈለጉ ይቅር። የራሱንም ቤት የዘፈን ድምፅ ኀዘንተኞቹ ከሚሰሙት በታች ያድርግ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ደርቆ የቀረው ቀጤማ ተጠርጎ ከፍግ ጋራ ይከመር፤ ለጓሮ ጎመን ይጠቅማል። መጋረጃው ታጥቦ፥ ሰፌዱም አቧራው ተራግፎ፥ ለጥምቀት ጥር 11 ቀን እንደ ገና ይሰቀላል። በቆርቆሮ ያለው ችግኝ ከቤት ወጥቶ እኩለ ቀን ጥላ ከሚያገኝበት ይቀመጥ፤ ከቆርቆሮውም ሥር ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይደረግለት። በበጋው በሦስት ወይም በአራት ቀን አንድ ጊዜ ውሃ የሚያጠጣው ከልጆቹ አንዱ ይሁን፤ ጕድጓዱ በሰኔ ተቆፍሮ ይቆይና ዝናቡ ሲጠና በሐምሌ ይተከላል።