እምነት የሚሸጥበት ገበያ፦ የሳሞይድ ውሾች እርባታና ውድድር ኢኮኖሚ

በነጭ ፀጉሩና ፈገግታ በሚመስለው ገጽታው የሚታወቀውን የሳሞይድ ውሻ አርብቶ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ቀድሞ የሚያሰላው የቡችላውን ዋጋ ነው። በአሜሪካ የትውልድ ሐረጉ የተመዘገበ የሳሞይድ ቡችላ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ፣ አንዲት እናትም በአንድ ወሊድ ብዙውን ጊዜ ስድስት ያህል ቡችላዎች የምትወልድ በመሆኑ፣ ሥራው ወጪውን በአጭር ጊዜ መልሶ ትርፍ የሚያስገኝ ይመስላል። ይሁንና ሥራውን በሚገባ የሚሠሩ አርቢዎች ከቡችላ ሽያጭ የሚያገኙት ገቢ ብዙውን ጊዜ ወጪያቸውን እንኳ አይሸፍንም። ዋጋው ከፍ ብሎ ሳለ ትርፉ የሚጠፋው፣ ገዥው ከቡችላው ጋር አብሮ የሚገዛው ሌላ ነገር ስላለ ነው፤ ይህም ስለ ቡችላው ጤንነት፣ ጠባይና ዘር የሚሰጠው ማረጋገጫ ሲሆን፣ ማረጋገጫውን ማምረት ቡችላውን ከማምረት እጅግ የበለጠ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል።

የኢኮኖሚ ሳይንስ ጉዳዩን የሚያብራራው የመረጃ አለመመጣጠን በሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም አንደኛው ተገበያይ ሌላው ሊያውቀው የማይችለውን ነገር የሚያውቅበት ሁኔታ ማለት ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርገው እንዳሳዩት፣ ገዥ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም አማካይ ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይገደዳል፤ አማካዩ ዋጋ ደግሞ ለጥሩው ዕቃ ባለቤት ስለማያዋጣው፣ ጥሩው ዕቃ ከገበያው እየሸሸ መጥፎው ብቻ ይቀራል። የስምንት ሳምንት ቡችላ ለዚህ ችግር ከመኪናም ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በዚያ ዕድሜ ሁሉም ቡችላዎች ነጭ፣ ለስላሳና ተጫዋች ሲሆኑ፣ የዝርያው ዋና ዋና የዘር ሕመሞች፣ ማለትም የዳሌ መገጣጠሚያ ብልሽት፣ ቀስ በቀስ ወደ ዕውርነት የሚያደርሰው የረቲና መመንመን እንዲሁም ወንዶቹን በለጋ ዕድሜያቸው የሚገድለው በዘር የሚተላለፍ የኩላሊት ሕመም፣ የሚገለጡት ገንዘቡ ከተከፈለ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው።

ከአከርሎፍ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት የተጋሩት ማይክል ስፔንስ፣ ጥሩው ሻጭ ከመጥፎው የሚለየው መጥፎው በቀላሉ ሊኮርጀው የማይችል፣ ወጪ የሚጠይቅ ምልክት በማሳየት እንደሆነ አስረድተዋል። በውሻ እርባታ ዓለም ይህን ሚና ከሚጫወቱት ተቋማት አንዱ የውሾች የቁንጅና ውድድር ነው። ዳኛው ውሾቹን እርስ በርስ ከማወዳደር ይልቅ እያንዳንዱን የዝርያ መለኪያ ከሚባለው የጽሑፍ መግለጫ ጋር ያስተያያል። በአሜሪካን ኬኔል ክለብ መለኪያ መሠረት ወንዱ ሳሞይድ በትከሻው ላይ ከ21 እስከ 23.5 ኢንች፣ ሴቷ ደግሞ ከ19 እስከ 21 ኢንች ቁመት ሊኖራቸው ይገባል፤ ፀጉራቸው ነጭ፣ ክሬም ወይም የብስኩት ቀለም ያለው መሆን ሲኖርበት፣ ሰማያዊ ዓይን ግን ከውድድር ያሰናብታል። ተወዳዳሪው ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው መሆን አለበት፤ ውድድሩ የተቋቋመው ለዘር የሚበቁ እንስሳትን ለመለየት በመሆኑም፣ የተኮላሸ ወንድም ሆነ የመከነች ሴት በመደበኛው ምድብ አይቀርቡም።

የሻምፒዮንነት ማዕረግ የሚገኘው 15 ነጥብ በመሰብሰብ ነው። አንድ ውድድር እንደ ተሸነፉት ውሾች ብዛት ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ የሚያስገኝ ሲሆን፣ ከድሎቹ ሁለቱ ሦስትና ከዚያ በላይ ነጥብ ያላቸውና በተለያዩ ዳኞች የተሰጡ፣ ከቀሪዎቹ ነጥቦች ቢያንስ አንዱም በሦስተኛ ዳኛ የተሰጠ መሆን አለበት። የደንቡ ኢኮኖሚያዊ ትርጉም ግልጽ ነው፤ የአንድ ዳኛ ወዳጅነት ወይም የአንድ ቀን ዕድል ማዕረጉን ሊያስገኝ ስለማይችል፣ ምልክቱ ተዓማኒነቱን ይጠብቃል። ዋጋው ግን የመመዝገቢያ ክፍያ፣ ጉዞ፣ ማደሪያ፣ ድርቡን ፀጉር ለማጠብ፣ ለማድረቅና ለማበጠር የሚጠፋ ሰዓት፣ እንዲሁም ውሻውን በዳኛው ፊት የሚያቀርብ ባለሙያ ከተቀጠረ የእሱ ክፍያ ነው። በምላሹ የሚገኝ ገንዘብ ግን የለም ማለት ይቻላል። ስትራይከር በሚል የቤት ስም የሚታወቀው ሳሞይድ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 በታዋቂው የዌስትሚንስተር ውድድር የሥራ ውሾችን ምድብ አሸንፏል፤ በዚያ መድረክ ከሁሉም የበላይ ሆኖ ለሚመረጠው ውሻ እንኳ የገንዘብ ሽልማት አይሰጥም።

ዳኛ በዓይንና በእጅ የሚመረምረው ግን የሚታየውንና የሚዳሰሰውን ብቻ ስለሆነ፣ ማዕረጉ ለብቻው ሙሉ ምልክት ሊሆን አይችልም። የዳሌን መገጣጠሚያ በራጅ፣ ዓይንን በልዩ ሐኪም፣ የረቲናን ሕመም ደግሞ በዘረ መል ምርመራ ማረጋገጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ራሱ ወጪ ይሆናል። በአሜሪካ የእንስሳት የአጥንት ምርመራ ውጤቶችን የሚመዘግበው ድርጅት ለዳሌ የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው። በዚያው ዕለት ስሪያ ቢፈጸም እንኳ፣ 63 ቀን ያህል የሚፈጀው እርግዝናና ቡችላዎቹ ከእናታቸው ሳይለዩ የሚቆዩባቸው ስምንት ሳምንታት ሲጨመሩ፣ የመጀመሪያው ገቢ የሚገኘው እናቲቱ 28 ወር ገደማ ሲሞላት ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ያለው ወጪ ሁሉ፣ ማለትም መግዣዋ፣ ምግቧ፣ ሕክምናዋና ውድድሯ፣ ገቢ ሳይኖር የሚወጣ ካፒታል ነው።

በዚህ ላይ የታለፈ ዕድል ዋጋ የሚባለው፣ ማለትም አንዱን በመምረጥ የሚታጣው የሌላው አማራጭ ጥቅም፣ ይታከላል። ሴት ሳሞይድ ከወለደች በኋላ አብዛኛውን ፀጉሯን ስለምታራግፍ ለወራት ለውድድር ልትቀርብ አትችልም፤ ስለዚህ ባለቤቷ የማዕረግ ነጥቧንና ቡችላዎቿን በአንድ ወቅት ሊያገኝ አይችልም። ለወንዱ ባለቤት የሚከፈለው የስሪያ ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቡችላ ዋጋ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ አንዳንዴም በምርጥ ቡችላ ይተካል። ምጡ አስቸጋሪ ሆኖ በቀዶ ጥገና ማዋለድ ካስፈለገ ወይም የቡችላዎቹ ቁጥር ከተጠበቀው ካነሰ፣ የወሊዱ ትርፍ በአንድ ሌሊት ወደ ኪሳራ ይለወጣል። ጥንቃቄ የሚያደርገው አርቢ እናቲቱን ደጋግሞ ስለማያስወልዳት፣ ቋሚ ወጪውን በብዙ ቡችላ ላይ በማከፋፈል የነጠላ ዋጋን የመቀነስ ዕድሉ የጠበበ ነው።

አንድ ወሊድ በኢኮኖሚ ቋንቋ የጋራ ምርቶች የሚባሉትን ይሰጣል፤ ይኸውም ከአንድ የምርት ሂደት ተነጣጥለው ሊመረቱ የማይችሉ የተለያዩ ውጤቶች ይወጣሉ ማለት ነው። ከቡችላዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ለውድድርና ለዘር ሲታጩ፣ የተቀሩት ለቤት ውስጥ ጓደኝነት ይሸጣሉ፤ የአርቢው ዋና ዓላማም ለራሱ የሚያስቀረው ቡችላ ነው። ሁለቱን ገበያዎች የሚለየው ውል ነው። በውስን ምዝገባ የተሸጠ ውሻ ራሱ የተመዘገበ ቢሆንም፣ ልጆቹ በመዝገቡ አይገቡም፤ ይህም ገዥው በአርቢው ስም ያልተመረመረ ዘር እንዳያራባ ይከለክላል። ለዘር የታጨች ሴት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምትሰጠው በጋራ ባለቤትነት ነው፤ ነባሩ አርቢ የተወሰነ መብት ይዞ ይቀራል፣ አዲሱ ደግሞ በራሱ ገንዘብ በቀላሉ የማያገኘውን ጥራት ያለው ዘርና የነባሩን ምክር ያገኛል።

ገበያው በራሱ የማይፈታው ችግርም አለ። እንግሊዛዊው ኧርነስት ኪልበርን ስኮት እ.ኤ.አ. በ1889 ከሩሲያ አርካንግልስክ አንድ ቡችላ ይዘው ከተመለሱ በኋላ፣ የምዕራቡ ዓለም ሳሞይድ የተመሠረተው በሰሜን ምዕራብ ሳይቤሪያ የበረዶ አገር አጋዘን አርቢዎች ከሆኑት ሕዝቦች በመጡና ከዋልታ አሰሳ ጉዞዎች በተረፉ ጥቂት ውሾች ላይ ነው። መሠረቱ ጠባብ በሆነ ዝርያ ውስጥ አንድ ሻምፒዮን ወንድ በየቦታው ሲፈለግ፣ የስሪያው ክፍያ ለባለቤቱ ይገባል፤ የዘር ስብጥር መመናመንና የተደበቁ ሕመሞች መስፋፋት ግን በዝርያው ሁሉ ላይ ይወድቃል። ይህ ውጫዊ ተፅዕኖ ይባላል፤ የአንዱ ውሳኔ ያስከተለውን ጉዳት በውሳኔው ያልተካፈሉ ሌሎች የሚሸከሙበት ሁኔታ ነው። ውድድሩ የሚሰጠው ምልክት ከመጠን በላይ ሲሳካለት ለዝርያው ስጋት የሚሆነውም በዚህ መንገድ ነው።

መንግሥታትም ገበያው የጎደለውን በሕግ ለመሙላት ይሞክራሉ። በእንግሊዝ በ12 ወራት ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ወሊድ አስወልዶ ቡችላዎቹን የሚሸጥ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ እ.ኤ.አ. የ2018 ደንብ ያስገድዳል፤ ከ2020 ወዲህም ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች የሆኑ ቡችላዎችን በነጋዴ ደላላ በኩል መሸጥ ተከልክሏል። በአሜሪካ የፌዴራል ግብር ሕግ ደግሞ ከአምስት ዓመት በሦስቱ ትርፍ ያሳየ ሥራ ለትርፍ የተቋቋመ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱን ያላሟላ ሰው የትርፍ ዓላማ እንዳለው በመዝገብ አያያዙና በአሠራሩ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ሥራው የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ከተባለ፣ ከ2018 ጀምሮ ገቢው እየተቀረጠ ወጪው በአብዛኛው ተቀናሽ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ለጀማሪው የሚወጣው ምክር በቅደም ተከተል ላይ ያተኩራል። አስቀድሞ በአቅራቢያው የሚካሄዱ ውድድሮችን መከታተልና እ.ኤ.አ. በ1923 በተመሠረተው የአሜሪካ የሳሞይድ ክለብ በኩል ነባር አርቢዎችን መተዋወቅ ይኖርበታል፤ ቀጥሎ አንዲት ጥሩ ሴት በጋራ ባለቤትነት ተቀብሎ ማወዳደር፣ ምርመራዋን ማጠናቀቅ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማስወለድ ይገባዋል። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ በወሊድ የሚጀምር ሰው ቡችላውን እንጂ ማረጋገጫውን ስለማይሸጥ፣ የሚያገኘው በአከርሎፍ ገበያ ውስጥ ያለውን አማካይ ዋጋ ነው። በሥርዓቱ የሚጀምረው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያወጣውን ገንዘብ ለስሙ ግንባታ የዋለ ካፒታል አድርጎ መመዝገብና፣ ካፒታሉ ላይመለስ እንደሚችል ከመነሻው ማወቅ አለበት፤ ኪሳራውን ከኪሱ መሸከም የማይችል ቤተሰብ ለገንዘቡ ሌላ ሥራ ቢፈልግለት ይሻለዋል።