አሮጌው ኮምፒዩተር ሲያስቸግር፦ ከመፍረዳችን በፊት እንመርምር

ዛሬ ስለ ቤታችን አሮጌ ኮምፒዩተር እናወጋለን።

መቼም ብዙዎቻችን ቤት ያለው ኮምፒዩተር ከካርቶኑ አዲስ የወጣ አይደለም። ወይ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ የተገዛ ነው፣ ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከው ነው፣ ወይ ታላቅ ወንድም ሲጠቀምበት ቆይቶ ለእኛ ያስተላለፈው ነው። ዕድሜ ተጭኖታል። እናም አንድ ቀን የቤት ሥራ እየተጻፈበት ድርግም ብሎ ይጠፋል። ደግመን ስናበራው ይነሳል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ድርግም! ሌላ ቀን ደግሞ ማውሱም ኪቦርዱም ቀጥ ይላሉ፣ ወይም ስክሪኑ በሙሉ ሰማያዊ ይሆንና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ይወጣል።

ይሄኔ ቤት ውስጥ ፈራጁ ብዙ ነው። አንዱ «ቫይረስ ገብቶበታል» ይላል። ሌላው «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» ይላል። ጎረቤት ደግሞ «ፎርማት ይደረግና ይለይለት» ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ፎርማት ሲደረግ የሦስት ዓመት ኖት፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የእህት የመመረቂያ ጽሑፍ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ማዘርቦርድ ተገዝቶ ተቀይሮ ጥፋቱ የአቧራ ብቻ ሆኖ ቢገኝስ? የቤተሰብ ገንዘብ በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ኮምፒዩተር ሲታመም ምልክት ያሳያል። ምልክቱን በጥሞና ካየንና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየርን ከሞከርን፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛውን ክፍል ለይተን ማወቅ እንችላለን። እስቲ በቅደም ተከተል እንየው።

1. ከሁሉ በፊት ፋይላችሁን አድኑ

ኮምፒዩተሩ አሁንም የሚነሳ ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ጥገና አይደለም፤ አስፈላጊ ፋይሎችን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሄ ነው። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ እያንዳንዱ ማብራትና ማጥፋት የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሞችን ለመገልበጥ አትድከሙ፤ እነሱ እንደገና ይጫናሉ። የማይተኩትን አስቀድሙ፤ ማለትም ራሳችሁ የጻፋችሁትን፣ ፎቶዎችንና የተቃኙ ሰነዶችን። አንድ ፍላሽ ብቻ አስተማማኝ አይደለም። ፍላሽም ይጠፋል፣ ይበላሻልም። ሁለት ቅጂ በሁለት የተለያየ ቦታ ይኑራችሁ።

2. ምልክቱን በደብተር መዝግቡ

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ «መቼ ጀመረህ? ምን ስትበላ ይብስብሃል?» ተብለን እንጠየቃለን። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። የጠፋበትን ሰዓት፣ ከተበራ ስንት ደቂቃ እንደሆነው፣ ምን እየተሠራበት እንደነበረና ምን ድምፅ እንደተሰማ ጻፉ። ሰማያዊው ስክሪን ላይ የሚወጣውን ጽሑፍና ቁጥር በስልክ ፎቶ አንሱት። ቶሎ እየጠፋ ካስቸገራችሁ ዊንዶውስ ራሱ ስህተት ሲያገኝ ወዲያው እንዲነሳ ስለተደረገ ነው፤ በሲስተም ማስተካከያው ውስጥ ይህን አውቶማቲክ ሪስታርት ማጥፋት ይቻላል። የሦስትና የአራት ቀን መዝገብ ከብዙ ግምት ይበልጣል።

3. መብራቱና ፓወር ሰፕላዩ

ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ከሩቅ ጀምሩ። ሶኬቱ መብራት አለው? ስታብላይዘሩ ይሠራል? ገመዱ ከጀርባው በደንብ ገብቷል? ገመዱን በሌላ ገመድ ቀይራችሁ ሞክሩ። ብዙ «የተቃጠለ» ኮምፒዩተር የላላ ገመድ ሆኖ ተገኝቷል።

ከአሜሪካ ለመጣ ዕቃ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእኛ አገር የቤት መብራት 220 ቮልት ነው፤ በአሜሪካ 120 ቮልት ነው። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ። ይህ ማብሪያ 115 ላይ እንዳለ እኛ ሶኬት ላይ ቢሰካ ፓወር ሰፕላዩ እዚያው ይቃጠላል። ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት ማብሪያውንም፣ የተለጠፈውን የቮልት ጽሑፍም አንብቡ።

ፓወር ሰፕላይ 220 ቮልቱን ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት አውርዶ ለክፍሎቹ ያድላል። ሲያረጅ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደህና ይመስላል፤ ጌም ሲከፈት ወይም ቪዲዮ ሲታይ ግን ሸክሙ ይከብደውና ድንገት ይጠፋል። የሚሠራ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ከጓደኛ ተውሶ መሞከር ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ሣጥኑን ግን በፍጹም አትክፈቱት! ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ሰውን የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

4. ሙቀትና አቧራ

ከተበራ ከአሥር ወይም ከሃያ ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ፣ ትንሽ ሲያርፍ ግን እንደገና የሚነሳ ከሆነ በቅድሚያ ሙቀትን ጠርጥሩ። ፕሮሰሰሩ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋና ፍጥነት መቀነሱም ካልበቃ ማሽኑ ይጠፋል። ይሄ ብልሽት ሳይሆን መከላከያ ነው።

ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ፣ ከዚያ የጎን ክዳኑን ክፈቱ። በፋኑና በብረት ማቀዝቀዣው መካከል አቧራ እንደ ጥጥ ተጋግሮ ልታገኙት ትችላላችሁ። በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ወይም በብሎወር አጽዱት። ብሎወር ስትጠቀሙ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ ያለ ልክ ሲሽከረከር ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ክልክል ነው። ከጸዳ በኋላም ሙቀቱ ካልቀነሰ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ ሊሆን ስለሚችል ይታደሳል።

5. ራም

በማንኛውም ሰዓት፣ ሲሞቅም ሲበርድም ቀጥ የሚል፣ በየቀኑ የተለያየ ጽሑፍ ያለው ሰማያዊ ስክሪን የሚያሳይ ወይም ሲነሳ ቲት ቲት እያለ ስክሪኑ ጥቁር የሚሆን ከሆነ ራሙን መርምሩ። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ እጃችሁን ቀለም ያልተቀባ የሣጥኑ ብረት ላይ አሳርፋችሁ በሰውነታችሁ ያለውን ስታቲክ አስወግዱ። ራሙን አውጡና ወርቃማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ፈትጉት፤ ፍርፋሪውን አራግፉና ቀጭ እስኪል መልሱት። ይህቺ ቀላል ዘዴ ብዙ ማሽን አስነስታለች።

ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ አስገብታችሁ አንድ ቀን ሥሩበት፤ በማግስቱ በሌላው። በአንደኛው ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ጥፋተኛው ታወቀ። ዊንዶውስ ራሱም ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ የሚባል መመርመሪያ አለው። ሜምቴስት የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ደግሞ ከፍላሽ ላይ አስነስቶ ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ ይቻላል። አንዲት ስህተት እንኳ ብታሳይ ያ ራም አይታመንም።

6. ሃርድ ዲስክ

ፋይል ለመክፈት ደቂቃዎች የሚፈጅ፣ ፋይሎች ሳይነኩ የሚበላሹበት፣ ወይም ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ሳህን በአብዛኛው በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። አንባቢው ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ ከአቧራ ቅንጣት በሚያንስ ርቀት ላይ ይንሳፈፋል። ለዚህ ነው ዲስክ ቤት ውስጥ የማይከፈተው።

ቀጭ ቀጭታው ከተሰማ በላዩ ላይ ምንም አዲስ ነገር አትጫኑ፤ ፋይል ብቻ አውጡ። ዲስክ አስተካካይ ፕሮግራሞችንም ፋይላችሁን ሳታወጡ አታስኬዱ፤ ብዙ ስለሚያለፉት ያባብሱታል። ድምፅ ከሌለ ግን የመረጃ ገመዱን ነቅላችሁ መልሱ፣ ወይም ቀይሩ፤ የላላ ገመድ እንደ ሞተ ዲስክ ያስመስላል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የመዘገበውን ጤንነት ያነብላችኋል። «ኮሽን» ወይም «ባድ» ካለ ጊዜ አታባክኑ። ዲስኩ በኤስኤስዲ ቢተካ አሮጌው ማሽን ከቀድሞውም ፈጥኖ ያስደንቃችኋል።

7. ትንሿ ባትሪና ያበጡት ካፓሲተሮች

ኮምፒዩተሩ በተነሳ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመለሳል? ኢንተርኔት ስትከፍቱስ ድረ ገጾቹ «አስተማማኝ አይደለም» ይሏችኋል? ቫይረስ ላይሆን ይችላል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የ3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃ ሊሆን ይችላል። ቁጥሯ ብዙ ጊዜ 2032 ነው፤ ዋጋዋም ከሁሉም ዕቃ ያነሰ ነው። የድሮዋን ባትሪ ትንንሽ ልጆች እንዳይውጧት አርቁ።

ማዘርቦርዱን ስታዩ ደግሞ ትንንሾቹን ሲሊንደሮች ተመልከቱ፤ ካፓሲተር ይባላሉ። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካበጡ ወይም ቡናማ ነገር ካፈሰሱ ማሽኑ ያለ ምክንያት እየጠፋ ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ ማሽኖች ላይ ይህ ችግር በዓለም ዙሪያ ተከስቶ ነበር፤ ዴል ኩባንያ ብቻ በ2005 ለዚህ ጥገና 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድቧል። ካፓሲተር መቀየር የብየዳ ሥራ ስለሆነ ለባለሙያ ይተው። ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ባትሪው ካበጠ አትጫኑት፣ አትውጉት፤ መጠቀሙን ወዲያው አቁሙ። እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

8. ዕቃው ነው ወይስ ሶፍትዌሩ?

ይህን ለመለየት ግሩም ዘዴ አለ። ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ፍላሽ ላይ አዘጋጅታችሁ ኮምፒዩተሩን በእሱ አስነሱት። በዚህ ጊዜ ዊንዶውሱም ሃርድ ዲስኩም ከሥራ ውጪ ናቸው ማለት ይቻላል። ለሰዓታት ያለ ችግር ከሠራ ጥርጣሬው ወደ ዊንዶውስ፣ ወደ ድራይቨር ወይም ወደ ዲስኩ ይዞራል። እዚያም ላይ ከጠፋ ግን ፎርማት ማድረግ ምንም አይፈይድም፤ ችግሩ የዕቃ ነው። ዊንዶውስ የማይነሳላችሁም በዚሁ መንገድ ፋይላችሁን ማውጣት ትችላላችሁ።

በነገራችን ላይ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 በ2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. መደበኛ ድጋፉን አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን መሸከም ለማይችል አሮጌ ማሽን ቀለል ያሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ጥሩ አማራጭ ናቸው።

ጥገና ቤት ስትሄዱ

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ካልተሳካ ባለሙያ ጋ መሄድ ያኮራል እንጂ አያሳፍርም። «ይጠፋል» ብላችሁ ብቻ ግን አታስረክቡ። መዝገባችሁን ይዛችሁ «ከተበራ በአሥራ አምስት ደቂቃ ይጠፋል፤ አቧራውን አጽድተናል፤ ራሙን አንድ በአንድ ሞክረናል፤ በሊኑክስም ይጠፋል» በሉ። ሥራው ያጥራል፣ ያልተበላሸ ዕቃም አይቀየርባችሁም። ሦስት ነገር አትርሱ፦ ሳይነገራችሁ ፎርማት እንዳይደረግ ንገሩ፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ።

ወጣቶች፣ አሮጌ ዕቃ ሁሉ የሚጣል አይደለም፤ አሮጌ ሁሉ ደግሞ አይድንም። የጥገናው ዋጋ ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ከበለጠ ማቆም ብልህነት ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ፋይላችሁ ከእናንተ ጋር ከሆነ የጠፋው ብረትና ፕላስቲክ ብቻ ነው። እንግዲህ ዛሬውኑ ፍላሻችሁን አንሱና ከቁጥር አንድ ጀምሩ። ቸር እንሰንብት!