100 ታዞ 99 የሚቆርጥ ማሽን

በትርፍ ጊዜ የእንጨት ሥራ የሚሠራ ሰው ማሽኑን 100 ሚሊሜትር ቁረጥ ብሎት 99 ቆርጦ ሲያገኘው፣ ብዙውን ጊዜ ፈጥኖ የሚዞረው ወደ ኮምፒውተሩ ነው። በመቆጣጠሪያው ፕሮግራም ውስጥ አንድ ቁጥር ይለውጣል፤ ቀጣዩ ቁራጭ ልክ 100 ሆኖ ይወጣል፤ ነገሩም የተፈታ ይመስላል። በማግስቱ 300 ሚሊሜትር ሲቆርጥ ግን ከ302 በላይ ያገኛል። ስህተቱ ተደበቀ እንጂ አልተወገደም።

ሲኤንሲ በሚል ምህጻር የሚታወቁት እነዚህ በኮምፒውተር የሚመሩ የመቁረጫ ማሽኖች ዛሬ በብዙ አገሮች ከፋብሪካ ወጥተው በመኖሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ ቦታ ይዘዋል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1952 ለሕዝብ ያሳየው በቁጥር የሚመራ ማሽን ትዕዛዙን ከተበሳ ወረቀት እያነበበ፣ የደረሰበትን ቦታም መልሶ ይለካ ነበር። አብዛኞቹ ርካሽ የቤት ማሽኖች ይህ መልሶ የመለካት ችሎታ የላቸውም። ሞተሩ የታዘዘውን ያህል እርምጃ ይዞራል፤ መቁረጫው በእርግጥ እዚያ መድረሱን የሚያረጋግጥ ግን የለም። ስለዚህ የመለካቱ ኃላፊነት የሰውየው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንድ ዙር የሚያጠናቅቀው በ200 እርምጃ ነው። መቆጣጠሪያው እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ሲከፍለው 3,200 ይሆናል። የሚገፋው ረጅም ብሎን በአንድ ዙር 8 ሚሊሜትር የሚያስኬድ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 400 እርምጃ ያስፈልጋል። ይህ ቁጥር የተገኘው ከብሎኑ ቅርጽ ነው። 99ን 100 ለማድረግ ወደ 404 ከፍ ማድረግ ካስፈለገ፣ መጠርጠር ያለበት ከቁጥሩ በፊት ሌላው የማሽኑ ክፍል ነው። በብሎን ፋንታ በጥርሳም ቺንጋ የሚንቀሳቀሱ ማሽኖች ላይ ግን የቺንጋው መወጠርና መላላት ልኬቱን ስለሚነካ፣ ውጥረቱ ከተስተካከለ በኋላ ጥቂት ማረም ያጋጥማል።

ጥፋተኛውን ለመለየት አንድ ልኬት አይበቃም። ጎናቸው 50፣ 100 እና 300 ሚሊሜትር የሆነ ሦስት አራት ማዕዘኖች፣ እያንዳንዳቸው መሐል ላይ ቀዳዳ ያላቸው፣ ከአንድ የኤምዲኤፍ ጣውላ ቆርጦ በካሊፐርና በጥሩ የብረት ማስመሪያ መለካት ያስፈልጋል። ጉድለቱ ግማሽ፣ አንድ እና ሦስት ሚሊሜትር እያለ ከርዝመቱ ጋር ካደገ፣ ችግሩ በእርግጥ የእርምጃው ቁጥር ነው። በሦስቱም ላይ ያው 1 ሚሊሜትር ከሆነ ግን ቁጥሩን መንካት ትልልቆቹን ቁራጮች ማበላሸት ነው።

የማይለዋወጠው ጉድለት ሁለት የተለመዱ ምንጮች አሉት፤ የሚለያቸውም ቀዳዳው ነው። ፕሮግራሙ ቢቱን 5 ሚሊሜትር ብሎ አስቦት በእውነቱ 6 ከሆነ፣ በየጎኑ ግማሽ ሚሊሜትር ትርፍ ይቆረጣል፤ ቁራጩ በ1 ሚሊሜትር ያንሳል፣ ቀዳዳው ደግሞ በ1 ሚሊሜትር ይሰፋል። በብሎኑና በዳዶው መካከል ልልነት ካለ ግን ማሽኑ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ሞተሩ ጥቂት በባዶ ይዞራል። ጉዞው ስለሚያጥር በመሠረቱ ቁራጩም ቀዳዳውም አብረው ያንሳሉ፤ ክብ ሲቆረጥም አቅጣጫ በሚቀየርባቸው አራት ነጥቦች ላይ ጠፍጣፋ ምልክት ይታያል። የመጀመሪያው ቢቱን ለክቶ ትክክለኛውን መጠን በማስገባት ይድናል። ሁለተኛው ዳዶውን ማጥበቅ ወይም መለወጥ ይጠይቃል።

የቢቱ መጉበጥም አይዘነጋ። ቢቱ ከመያዣው የወጣበት ርዝመት እጥፍ ሲሆን፣ በተመሳሳይ ግፊት የሚጎብጠው 8 እጥፍ ነው። ቢቱን አሳጥሮ ማሰርና የመጨረሻውን ዙር በስሱ ማስቆረጥ ብዙ ያስተካክላል።

ልኬቱ በየቀኑ የሚለያይ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ወይ ሞተሩን ከብሎኑ ጋር የሚያገናኘው ማያያዣ ትንሽ ብሎን ላልቷል፣ ወይ ፍጥነቱ በዝቶ ሞተሩ እርምጃ እየሳተ ነው። የሞተሩን ዘንግና ማያያዣውን አቋርጦ የሚያልፍ አንድ መስመር በማርከር ማስመር ይበቃል፤ ከሥራ በኋላ መስመሩ ከተሰበረ የላላው ማያያዣው ነው። መስመሩ ደህና ሆኖ ማሽኑ ወደ መነሻው ትክክል ካልተመለሰ ደግሞ ፍጥነቱን መቀነስ ይገባል።

ጎኖቹ ልክ ሆነው ማዕዘኑ የተጣመመ እንደሆነ ለማወቅ 300 በ400 የሆነ አራት ማዕዘን ማሠራት ይጠቅማል፤ ሁለቱም ሰያፎቹ 500 መሆን አለባቸው። በ400 ሚሊሜትር ርዝመት ውስጥ 1 ሚሊሜትር መጣመም በሰያፎቹ መካከል የ1.2 ሚሊሜትር ልዩነት ስለሚፈጥር፣ በስኳድራ የማይታየው እዚህ ይታያል። መድኃኒቱ የተሻጋሪውን ድልድይ ሁለት ጫፎች እኩል አድርጎ ማሰር ነው።

አንዳንዴም ማሽኑ ንጹሕ ነው። በአሜሪካ ሦስት አራተኛ ኢንች ተብሎ የሚሸጥ ፕላይውድ፣ በአገር ቤት አጠራር ኮምፔርሳቶ፣ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ 19.05 ሳይሆን 18.26 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በስሙ ተማምኖ የተቆረጠ የመጋጠሚያ ቦይ መላላቱ አይቀርም። ጣውላውን ራሱን መለካት ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ የላላውን ሁሉ በእጅ እየነቀነቁ መፈለግና ማጥበቅ፣ ቀጥሎ ማዕዘኑን ማቃናት፣ ከዚያ ቢቱንና ጣውላውን መለካት። የእርምጃው ቁጥር የሚነካው እነዚህ ሁሉ ካለፉ በኋላ ነው፤ ያም ማሽኑ ሊሄድ በሚችለው ረጅሙ ርቀት ላይ በተወሰደ ልኬት እንጂ በአንድ ትንሽ ቁራጭ አይደለም።