ከሸዋ ሮቢት እስከ ፒያሳ፦ የሆቴል ክፍልን በሳይንስ ዓይን መምረጥ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈረው መንገደኛ ይበዛል። ገናን ከወዳጅ ጋር ለመዋል፣ ጥምቀትን በጃንሜዳ ለማየት ወይም የወሰነ ትምህርት ዕረፍትን በዋና ከተማ ለማሳለፍ ከሚነሣው መካከል ሁሉም ዘመድ ቤት አያርፍም፤ ገሚሱ አልጋ ይይዛል። አልጋ ሲይዝም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ዋጋው ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሌሎች ጥቂት ጥያቄዎች እንዲጨምር ልንመክረው እንወዳለን። ጥያቄዎቹ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሥነ ሕይወት ናቸው፤ ከመካከላቸውም አንዱ የሞትና የሕይወት ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ የመንገዱን ነገር እንመልከት። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አውቶቡሱ ከዚያ ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ፣ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን በተሠራው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጣ በኋላ፣ በደብረ ብርሃን ሜዳ አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል። ፒያሳ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። የአየር ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚቀንስ በመሆኑ፣ ከፍታው ብቻውን በሁለቱ ከተሞች መካከል የ7 ዲግሪ ያህል ልዩነት ይፈጥራል። የከባቢ አየር ግፊቱም ይወርዳል፤ በባሕር ጠለል ካለው ጋር ሲነጻጸር በሸዋ ሮቢት 86 በመቶ፣ በአዲስ አበባ 75 በመቶ ያህል ነው። እንግዳው በመጀመሪያው ቀን ደረጃ ሲወጣ ቢያለከልክ ድካም ብቻ አይደለም፤ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በእርግጥም አንሷል።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር አለ። አውሮፓውያን «ክረምት» ብለው የሚፈሩት ወቅት ለእኛ በጋ ነው። የእኛ ክረምት ዝናብና ጭጋግ እንጂ የከፋ የሌሊት ብርድ የለበትም፤ የአዲስ አበባ ብርቱ ሌሊቶች የሚመጡት ሰማዩ በጠራበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ምክንያቱም መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ደመና ካለ ከፊሉን መልሶ ወደ መሬት ያበራል፣ ከሌለ ግን ሙቀቱ እንደወጣ ይቀራል። በመሆኑም ቀን 23 ዲግሪ የነበረው አየር ሊነጋጋ ሲል ወደ 8 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ለበዓል የሚመጣው የይፋት ሰው እንግዲህ ከዓመቱ ሁሉ መርጦ የሚደርሰው በእነዚህ ሌሊቶች ነው።

የሚያርፍበት ቤት ምን ዓይነት ይሁን? እኛ ለትንንሾቹና ለአሮጌዎቹ ሆቴሎች እናደላለን፤ ማዳላታችንን አንደብቅም። በእቴጌ ጣይቱ ብጡል የተቋቋመውና በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው የጣይቱ ሆቴል በሀገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል እንደሆነ ይታወቃል። በዚያ ዘመን በፒያሳና በአካባቢዋ የተሠሩት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ የእንጨት ወለልና ሰፊ በረንዳ ነበራቸው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ የተረፉትን መርጦ ማደር ለታሪክ ሲባል ብቻ ሳይሆን ለፊዚክስ ሲባልም ያስደስታል።

ሙቀት በድንጋይ ውስጥ ቀስ ብሎ ይጓዛል። ፀሐይ ከውጭ ያሞቀችው ግድግዳ ሙቀቱን ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው በሰዓት ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ነው። ስለዚህ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ግድግዳ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የተቀበለው ሙቀት ወደ ክፍሉ የሚደርሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው። ይህን ሰምተው አንዳንዶች «እንግዲያውስ ሌሊቱን ግድግዳው ያሞቀናል» ይላሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሞገዱ በጉዞው እየደከመ ስለሚሄድ ከውጭው ውጣ ውረድ አንድ አሥረኛው እንኳ ወደ ውስጥ አይደርስም። ወፍራም ግድግዳ የሚያደርገው ክፍሉን በቀንና በሌሊቱ አማካይ፣ ማለትም ወደ 16 ዲግሪ አካባቢ፣ ማቆየት ነው። ስስ የብሎኬት ግድግዳና ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ግን ከውጭው አየር ጋር አብረው ይወርዳሉ። ለቆላ ሰው 16 ዲግሪም ብርድ ነው፤ ሆኖም 16 እና 8 አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ጉዳይ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆኗ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች። ለበዓል የሚመጣ እንግዳ ስለዚህ ደቡብን፣ ከተቻለም ደቡብ ምዕራብን የሚያይ ክፍል ቢጠይቅ የከሰዓቱን ፀሐይ እስከ ምሽት ያቆያል። ኮምፓስ አያስፈልገውም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሄዶ ክፍሉን ከፍተው እንዲያሳዩት ይጠይቅና ፀሐዩ አልጋው ላይ ማረፉን ይይ። የሆቴሉ ሠራተኛ በጥያቄው ቢገረም አይፈረድበትም።

የእንጨት ወለል ባዶ እግርን የማያስደነግጠው ከሸክላ ንጣፍ ይልቅ ሞቆ አይደለም፤ ሁለቱም የሙቀት መጠናቸው አንድ ሊሆን ይችላል። እንጨት ሙቀትን ከእግራችን የሚወስደው በዝግታ ስለሆነ ነው። እንጨት ግን ይነዳል። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የደረሰው ቃጠሎ የቤቱን ከፊል አውድሟል። አሮጌ ቤት የሚመርጥ ሰው ቦርሳውን ከማስቀመጡ በፊት ሁለተኛው መውጫ በየት በኩል እንደሆነ ያጣራ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በእነዚህ ቤቶች ማሞቂያ ብርቅ ነው። ብርዱ ያልለመደው እንግዳ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ደግ አስተናጋጆች አንዳንዴ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍል ያስገቡለታል፤ በሩና መስኮቱም ይዘጋል። በዚህ ዓይነት የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የቀሩበትን ዜና ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለንም።

ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ካርቦን በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ይፈጠራል። በሳንባ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኦክስጅን ተሸካሚ ከሆነው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ መጣበቁም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ የበረታ ነው። ኦክስጅን ቦታውን ይነጠቃል ማለት ነው። አየሩ አስቀድሞ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ጉዳቱ ይብሳል።

በሕዝባችን ዘንድ «ከሰሉ ጢሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ አይጎዳም» የሚል እምነት አለ። ስሕተት ነው። ጢሱ የሚታየው ክፍል እንጂ መርዙ አይደለም፤ ደም የመሰለው ፍምም ጋዙን መልቀቁን አያቋርጥም። እስቲ በቀላል ስሌት እንየው። ወርዱና ቁመቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 22.5 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ከሰል ሲነድ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ 100 ግራም ከሰል፣ ማለትም ጥቂት ጉማጅ፣ 20 ግራም ጋዝ ይሰጣል። ክፍሉ ጥብቅ ብሎ ከተዘጋ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ወደ 900 ሚሊ ግራም ይደርሳል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰዓት ያህል እንዳይታለፍ የሚመክረው 35 ሚሊ ግራም ነው። በበርና በመስኮት ስንጥቅ የተወሰነው እንደሚወጣ እናውቃለን፤ 25 እጥፍን ግን ስንጥቅ አያስታግሰውም።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ናቸው። የተኛ ሰው እነዚህን ሳያይ ወደ ጥልቅ ሰመመን ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ሁኔታ የተገኘን ሰው ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ማድረስ እንጂ ሎሚ ማሽተት አያድነውም፤ ሎሚ ጋዙን ከሄሞግሎቢን አያላቅቅም። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ጄኔሬተርም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ጓሮ ያለው ትንሽ ሆቴል ሲመረጥ የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ ከየትኛው መስኮት ሥር እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ታዲያ በምን ይሞቅ? አየርን በሚይዝ ልብስ። ባለ አራት ድርብ ጋቢ የሚያሞቀው ጥጡ ትኩስ ሆኖ ሳይሆን በድርቦቹ መካከል ያልተንቀሳቀሰ አየር ስለሚይዝ ነው። ከመንዝ ሱፍ የሚሠራው ባናም እንዲሁ። ሙቅ ውኃ የተሞላና በፎጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ከእግር ሥር ቢቀመጥ ለሰዓታት ይቆያል፤ ውኃ ሙቀት በመያዝ ድንጋይን ያስንቃል።

አንድ ነገር ይቀረናል። የይፋት ቆላ የወባ አገር ነው፤ ወባው የሚበረታውም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ የወባ ጥገኛ ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ዕድገቱን መጨረስ ስለማይችል በሽታው እዚያ አይተላለፍም። ከቆላ ሲነሣ የተነደፈ ሰው ግን ተሕዋሱን ይዞ ይጓዛል፤ ትኩሳቱም ብዙውን ጊዜ ከ7 ቀን በኋላ ይጀምራል፣ ቫይቫክስ የተባለው ዓይነት ደግሞ ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ በሆቴል ክፍሉ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያለው እንግዳ «የአየር ለውጥ ነው» ብሎ አይተኛበት። ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ከየት እንደመጣ በግልጽ ይናገር፤ የደም ምርመራም ያድርግ።

ጉዞው ተገልብጦ የአዲስ አበባ ተማሪ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ምርጫውም ይገለበጣል። ደቡብ ምዕራብን የሚያየው መስኮት ጠላት ይሆናል፤ የምሥራቅ ክፍል ይሻላል። በሁለት በኩል መስኮት ኖሮት ነፋስ የሚያሳልፍ ክፍል ይመረጣል። ወፍራም ግድግዳ ግን እዚህም አይከፋም፤ በአካባቢው ያለው የጥንታዊቷ ኖራ ፍርስራሽ እንደሚያሳየው የመካከለኛው ዘመን የይፋት ሰዎችም ከተማቸውን በድንጋይ ገንብተው ነበር። አጎበሩ ከአልጋው በላይ ተሰቅሎ ካልተገኘ እንግዳው ይጠይቅ፤ ከተገኘም ቀዳዳ እንደሌለው አብርቶ ይይና ጫፎቹን ከፍራሹ ሥር ሸጉጦ ይተኛ።